ማደንዘዝና ማከም፦ ካናቢስ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት፣ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

ጦርነት፣ ቃጠሎ፣ ድብደባ ወይም መደፈር የደረሰበት ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላም አእምሮው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ አደጋው ገና እንዳላለፈ ሆኖ የሚኖርበት ሕመም በሕክምና ቋንቋ ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት ይባላል፤ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው ምህጻር ፒቲኤስዲ እያሉም ይጠሩታል። ካናቢስ የተባለው ዕፅ ለዚህ ሕመም መድኃኒት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ፣ በካናዳና በእስራኤል ሐኪሞችን፣ የቀድሞ ወታደሮችንና ሕግ አውጪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። በኢትዮጵያ ዕፁ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ክርክሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሕመሙ ራሱ ሩቅ አይደለም፣ ከሕመሙ ለመሸሽ የሚያደነዝዝ ነገር መፈለግም በምሥራቅ ጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህ ዲስኩር በመጀመሪያ የሳይንሱን ማስረጃ ይመረምራል፣ ቀጥሎም ማስረጃው ወደዚያው አካባቢ ከተሞች ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሲመጣ የሚኖረውን ትርጉም ያያል፤ የሚደርስበትም መደምደሚያ እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ካናቢስ የሕመሙን ምልክት ለጊዜው ሊያለዝብ እንደሚችል እንጂ ሕመሙን እንደሚያክም አያሳይም የሚል ነው።

ሕመሙ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ይዞ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ደግሞ በሦስት ዋና ዋና ምልክቶች ያውቀዋል። የመጀመሪያው አደጋው በቅዠት ወይም በቁም ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ በርበሬ ሲታመስ የሚነሣው ጢስ ቤቷ የተቃጠለባትን ሴት ከምድጃው አጠገብ ነጥቆ ወደ ቃጠሎው ሌሊት የሚመልሳት ከሆነ፣ እርሷ ያለፈውን እያስታወሰች ሳይሆን እንደገና እየኖረችው ነው። ሁለተኛው መሸሽ ነው፤ ታማሚው አደጋውን ከሚያስታውሰው መንገድ፣ ገበያ፣ ሰውና ወሬ ይርቃል፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶም ቢሆን ያንን ቦታ አይረግጥም። ሦስተኛው የማያርፍ ንቃት ነው፤ ንፋስ የበሩን መቀርቀሪያ ሲያንቀጫቅጨው ብድግ ይላል፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ አይቀመጥም፣ እንቅልፉም የዶሮ እንቅልፍ ይሆናል። ምልክቶቹ ለሳምንታት ከቀጠሉና ሥራውን ወይም ቤተሰባዊ ኑሮውን ካወኩ ነገሩ ተራ ድንጋጤ መሆኑ ያበቃና ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ይሆናል።

አስከፊ ነገር ያየ ሰው ሁሉ ግን ይታመማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመና ግጭት ያለፈባቸውን አራት ሕዝቦች ያነጻጸረ ጥናት የሕመሙን ስርጭት በአልጄሪያ 37.4፣ በካምቦዲያ 28.4፣ በጋዛ 17.8፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 15.8 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ግምት መሠረትም በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች በማንኛውም ጊዜ ከአምስቱ አንዱ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። ቁጥሮቹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ የሚበዛው ሰው በቤተሰቡ፣ በጎረቤቱና በእምነቱ ተደግፎ ይጸናል፣ ሳይጸና የሚቀረውም ቢሆን በቸልታ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

ቢቸናና ሞጣ ይህ ሕመም የሚበቅልበት ታሪክ ያላቸው ከተሞች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጎጃም ከጣሊያን ወራሪ ጋር ባደረገው ትግል ቢቸና የበላይ ዘለቀ አርበኞች የተንቀሳቀሱባት አገር ነበረች። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ርስትን ይነጥቃል ብለው የሠጉ የሞጣ፣ የቢቸናና የሌሎች አውራጃዎች ገበሬዎች ሲያምፁ መንግሥት በጦር ኃይልና በአየር ድብደባ መልስ ሰጥቷል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ነዋሪዎች የንግድ ቤቶች ተቃጥለዋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት ከአማራ ክልል ብዙ ወጣቶችን ወደ ግንባር ወስዷል፤ እርሱ በፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከቆመ ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ሌላ ግጭት ተከተለ። የአገሩ ቀረርቶና ፉከራ ጀግናው በውጊያ ቀን የሠራውን አሳምሮ ያነሣል፤ ከውጊያው በኋላ እየጮኸ ከእንቅልፉ የሚባንነውን ሰው ግን የሚያነሣበት ቦታ የለውም፣ በዚህም የተነሣ ታማሚው ራሱን እንደ ፈሪ ቆጥሮ ሕመሙን ይሸሽጋል።

የካናቢስ ነገር ከዚህ ሕመም ጋር የተገናኘበት መንገድ ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። ዕፁ በመቶ የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ሁለቱ በብዛት ተጠንተዋል፤ አንደኛው ቲኤችሲ የሚባለው አእምሮን የሚያሰክረው ነው፣ ሁለተኛው ሲቢዲ የሚባለውና የማያሰክረው ነው። ቲኤችሲን እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል ሜሹላምና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1964 ነጥለው አወቃቀሩን ለዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሜሹላም ያለበት ቡድን የሰው አእምሮ ራሱ የሚያመነጨውንና ቲኤችሲ በሚያርፍበት ተቀባይ ላይ የሚያርፍ አናንዳማይድ የተባለ ንጥረ ነገር አገኘ። ይህ የአካሉ የራሱ ሥርዓት ፍርሃትን በማርገብ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ከዚያ በኋላ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ተቀባዩ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች አንድ ድምፅ አደጋ ማምጣቱን ካቆመ በኋላም ድምፁን መፍራት መተው ተስኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአእምሮ ምስል የተደረገ ምርመራም በድኅረ አደጋ ጭንቀት በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ አናንዳማይድ አንሶ የተቀባዩ መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱን ዘግቧል። እንግዲህ ፍርሃትን የሚያረግበው ሥርዓት ከተዳከመ ከውጭ የሚገባ ንጥረ ነገር ሊያግዘው ይችል ይሆናል የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ መላ ምት ነው፤ ነገር ግን በአይጥና በምስል ላይ የሚያምር መላ ምት በታማሚ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ሳይሰምር እንደሚቀር የመድኃኒት ታሪክ ያስተምራል።

በታማሚ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች የሰጡት መልስ የተደባለቀ ነው። በካናዳ ናቢሎን የተባለ፣ ቲኤችሲን አስመስሎ በፋብሪካ የተሠራ መድኃኒት ቅዠት ላላቆመላቸው 47 ታማሚዎች ተሰጥቶ የ34ቱ ቅዠት መቆሙ ወይም መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘግቧል፤ ሆኖም ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ማነጻጸሪያ ተጨምሮበት በካናዳ ወታደሮች ላይ የተደረገው ሙከራም ቅዠት መቀነሱን ቢያሳይም የተሳተፉት 10 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሚጨሰውን ዕፅ ራሱን በጥብቅ ዘዴ የፈተነው የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ 80 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ቡድን ቲኤችሲ የበዛበትን፣ ሌላው ሲቢዲ የበዛበትን፣ ሦስተኛው ሁለቱ የተመጣጠኑበትን፣ አራተኛው ደግሞ ንጥረ ነገሩ የወጣለትን ዕፅ ለሦስት ሳምንት አጨሱ። በሙከራው ማብቂያ ሁሉም ቡድኖች ተሻሽለው ተገኙ፤ ንጥረ ነገሩ የወጣለትን ያጨሱትም ከሌሎቹ ጎልቶ በሚለይ ሁኔታ አላነሱም። ይህ ማለት የታየው መሻሻል ከዕፁ ይልቅ ከክትትሉ፣ ከተስፋውና ሰው አጠገብ ከመሆኑ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ሰፋ ያለ፣ 320 የቀድሞ ወታደሮችን የሚያሳትፍ ሙከራ እንዲካሄድ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቅዷል።

ሕግና ማስረጃ ግን እኩል አልተራመዱም። የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ሕመሙን በካናቢስ ከሚታከሙት ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ማለትም ከላይ የተጠቀሰው ጥብቅ ሙከራ ከመታተሙ 12 ዓመት ቀድማ ነው፤ የካናዳ መንግሥትም ለቀድሞ ወታደሮች የዕፁን ዋጋ ሲከፍል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የሚከፈልበትን መጠን በቀን ወደ 3 ግራም ዝቅ አድርጎታል። በአንጻሩ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት የጋራ የሕክምና መመሪያ ካናቢስ ለዚህ ሕመም እንዳይሰጥ ይመክራል። የታማሚዎች ምስክርነት ሐሰት አይደለም፤ ብዙዎች ዕፁን ከወሰዱ በኋላ ሌሊቱን መተኛት መቻላቸውን ይናገራሉ፣ ይህም እንቅልፍ ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ያ ዕረፍት ከወር፣ ከዓመት በኋላ ወዴት ያደርሳል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አራት ሥጋቶች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የመጠን ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በቺካጎ 42 ጤነኛ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ እንዳሳየው 7.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ የወሰዱት ሰዎች በጭንቀት ፈተና ወቅት ሲረጋጉ፣ 12.5 ሚሊግራም የወሰዱት ግን ይበልጥ ተረብሸዋል፤ በትንሹ የሚያረጋጋው ነገር ጥቂት ሲጨመርበት ያስጨንቃል ማለት ነው። በአሜሪካ በቁጥጥር ሥር በዋለ ዕፅ ውስጥ የነበረው የቲኤችሲ መጠን እ.ኤ.አ. በ1995 ከነበረበት 4 በመቶ ገደማ በ2014 ወደ 12 በመቶ ገደማ ማደጉ ሲታሰብ፣ ከመንደር የተገኘን ዕፅ መጠን በዓይን ገምቶ መውሰድ አደገኛ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ሁለተኛው ሥጋት የአእምሮ መቃወስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በአውሮፓና በብራዚል ከተሞች በተደረገ ጥናት ኃይለኛውን ዕፅ በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ከማይወስዱት ይልቅ ለከባድ የአእምሮ መቃወስ የመጋለጥ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ሦስተኛው ልማድ ነው፤ ዕፁ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ስለሚያፍን ቅዠትን ይቀንሳል፣ በድንገት ሲቋረጥ ግን የታፈነው ሕልም ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፣ ታማሚውም ይህን የሕመሙ ማገርሸት አድርጎ ስለሚያየው ወደ ዕፁ ይመለሳል።

አራተኛው ሥጋት ከሁሉም ይጠልቃል። ሕመሙን በተለይ የሚያቆየው መሸሽ ነው፤ ታማሚው አደጋውን ከሚያስታውሰው ነገር ሁሉ በሸሸ ቁጥር አእምሮው አደጋው ማለፉን የሚማርበት አጋጣሚ ያጣል። ስለዚህ ከተፈተኑት የንግግር ሕክምናዎች አብዛኞቹ በአንድም በሌላም መንገድ ታማሚው በባለሙያ እጅ ተይዞ ወደ ሸሸው ትዝታ ቀስ በቀስ እንዲመለስ ያደርጉታል። የሚያደነዝዝ ነገር ግን ካናቢስም ይሁን ሌላ፣ ሽሽቱን ይበልጥ ምቹ ያደርገዋል፤ ለዛሬ ሌሊት የሚሰጠው ዕረፍት የነገውን መማር ሊያስቀር ይችላል።

ዕፁ ለኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ በተባለ ቦታ በቁፋሮ የተገኙና ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን የተገመተ ሁለት የሸክላ ማጨሻ ዕቃዎች የካናቢስ ቅሪት እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬሚካል ምርመራ ተረጋግጧል። ይህ ግን የዕፁን መኖር እንጂ መድኃኒትነቱን አይመሰክርም። የዛሬው ሕግ በበኩሉ ግልጽ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት አባል ናት። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው የስምምነቱ ሠንጠረዥ ሲያወጣ የሕክምና ምርምርን በር ከፈተ እንጂ ቁጥጥሩን አላነሣም። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020 ዕፁ ለመድኃኒት እንዲመረት ቢፈቅዱም፣ የፈቃዶቹ ዋና ግብ የውጭ ገበያ ነው፤ ስለሆነም የአፍሪካ ጎረቤቶች ፈቀዱ የሚለው ክርክር ስለ ጦርነት ቁስለኞች ሕክምና የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው።

በቢቸናና በሞጣ ግን የሚያደነዝዘው ነገር በሩቅ አገር የሚታዘዝ ዕፅ ሳይሆን በየመንደሩ የሚወጣው የአገር አረቄ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ማታ ማታ አንድ ሁለት መለኪያ ይጎነጫል፣ መጀመሪያ ቶሎ ይተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን የመጠጡ ኃይል ሲበርድ ላብ አጥምቆት ይነቃል፣ ቅዠቱም ይጸናበታል፤ በማግሥቱም መለኪያው ይጨመራል። ቤተሰቡ ሰውየውን ሰካራም ብሎ ይነቅፈዋል፣ ጎረቤቱም ይሸሸዋል፣ ከመጠጡ በፊት የነበረውን ሕመም የሚጠይቅ ግን አይገኝም። አረቄው ያስተማረው ነገር ስለ ካናቢስ የሚነሣውን ጥያቄ ለመመለስም ይጠቅማል፤ የመለኪያው ይዘት ቢለወጥ የሽሽቱ መንገድ አይለወጥም፣ ሐኪም ሳይኖር የሚወሰድ ማደንዘዣም ከሕመሙ ላይ ሁለተኛ ሕመም ይጨምራል።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ። ከንግግር ሕክምናዎች ውስጥ ለግጭት አገሮች ተብሎ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኔት የሚባለው ሕክምና ነው፤ ታማሚው ከባለሙያ ጋር ሆኖ ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ ክፉውንም ደጉንም በተራ ይተርካል፣ አደጋው የደረሰበት ቀን ላይ ሲደርስም ቆም ብሎ ያየውን፣ የሰማውንና የተሰማውን በዝርዝር ይናገራል፣ ባለሙያውም ጽፎ መልሶ ያነብለታል፤ እንዲህ ሲደረግ አደጋው በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ቀንና ቦታ አግኝቶ ያለፈ ነገር መሆን ይጀምራል። ይህ ሕክምና በኡጋንዳ የስደተኞች ሰፈር በነበሩ ሱዳናውያን ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም የሥነ አእምሮ ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን በሚገባ የሠለጠኑ የማኅበረሰቡ አባላት ሊሰጡት እንደሚችሉ ታይቷል። ከመድኃኒቶች በኩል ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን የተባሉት ድብርትንም ጭንቀትንም የሚያክሙ እንክብሎች የተሻለ ማስረጃ አላቸው፤ በአንጻሩ እንቅልፍ ለማስያዝ በብዛት የሚታዘዘው ዲያዜፓም እና መሰሎቹ ለዚህ ሕመም አይመከሩም፣ ምክንያታቸውም አረቄውና ካናቢሱ ላይ ከተነሣው የተለየ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው መርሐ ግብር ልዩ ሐኪም በሌለበት አገር የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ነርሶችና በጤና መኮንኖች እጅ ማድረስ ይቻላል ከሚል መነሻ የተዘጋጀ ነው። በቢቸናና በሞጣ ይህ ማለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ስትጠይቅ ስለ እንቅልፍና ስለ ቅዠትም ትጠይቃለች፣ ያገኘችውንም ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፣ ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ከተማው ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ያስተላልፋል ማለት ነው። መንገድ ሲዘጋ ይህ ሰንሰለት ይቆረጣል፤ ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ እንክብል ያቋረጠ ታማሚ ሕመሙ ሊያገረሽበት ስለሚችል የመድኃኒት ክምችት በወረዳ ደረጃ አስቀድሞ መያዝ ከስብሰባ አዳራሽ ንግግር ሁሉ ይበልጣል። ብዙ ቤተሰብ ታማሚውን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኾች ዱዓ ስለሆነ፣ ካህናቱና ሼኾቹ እምነቱን ሳይነኩ መድኃኒቱን አታቋርጥ እንዲሉ ማስተማር የሕክምናው አካል መሆን ይገባዋል። እድሩ፣ ማኅበሩና ሰንበቴውም እንዲሁ ይታሰባሉ፤ ከአደጋ በኋላ በሰው መከበብ ከሕመሙ ከሚጠብቁ ነገሮች ሁሉ በጥናት ደጋግሞ ጎልቶ የወጣው ነውና፣ ለሐዘን የሚሰበሰበው ሰው ለተረፈውም ሰው እንዲሰበሰብ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ካናቢስን እንደ ሰይጣን ዕፅ የሚኮንን አይደለም፣ እንደ ተአምር መድኃኒትም የሚያወድስ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ በተለካ መጠን ከዕፁ የወጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ለሌሎች ሕመሞች ሥራቸውን አስመስክረዋል፤ ሲቢዲ ያለበት መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለልጆች ከባድ የሚጥል በሽታ ተፈቅዷል፤ ለቅዠትም አንድ ቀን ተመሳሳይ መድኃኒት ማስረጃውን አሟልቶ ከቀረበ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንደ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት መርምሮ ሊወስንበት ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን ቅደም ተከተሉ አይፋለስ፤ ጸጥታ፣ የሚያዳምጥ የሠለጠነ ሰው፣ የማይቋረጥ የተፈተነ መድኃኒት፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ሙከራ። ይህ ቅደም ተከተል በሌለበት ቦታ ዕፁ ቢፈቀድም መጠኑን የሚለካለት፣ ጉዳቱን የሚከታተልለትና መቋረጫውን የሚያበጅለት ሰው ስለማይኖር፣ ለሞጣና ለቢቸና ታማሚ ፈቃዱ ከአረቄው ጎን የሚቀመጥ ሌላ ማደንዘዣ ከመሆን አያልፍም።